ቆሞ የሚጠፋ ባጃጅ፦ አዲስ ካርቡሬተር ከመግዛታችሁ በፊት «ሌባ አየር» ፈልጉ

ጎንደር ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ይህችን ነገር በደንብ ያውቃታል። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ቁስቋም ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ደህና ይጎትታል። ተሳፋሪ ለማውረድ ነዳጁን ሲለቅ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያንገራግራል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። እንደገና ማስነሳት፣ እንደገና መጥፋት። ተሳፋሪው ደግሞ «ወንድሜ ይሄ ነገር ያደርሰናል?» እያለ ይጠይቃል።

ከዚያ ጋራዥ ይኬዳል። ብዙ ጊዜ መልሱ አጭር ነው፦ «ካርቡሬተሩ አልቋል፣ ቀይረው።» ሹፌሩ የስንት ቀን ገቢውን አውጥቶ ይቀይራል። ሁለት ቀን ደህና ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ለምን? ጥፋቱ መጀመሪያውኑ ካርቡሬተሩ ላይ ስላልነበረ። ጥፋቱ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሃል በተሰነጠቀች ላስቲክ ወይም ባለቀች ጓርኒሲዮን በኩል ሾልኮ የሚገባ አየር ነው።

ይህን አየር እኛ እዚህ «ሌባ አየር» እንለዋለን። በበሩ ሳይሆን በቀዳዳ ስለሚገባ። ዛሬ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚዘጋ እናያለን። ባጃጅ ላላችሁ ብቻ አይደለም። ሞተር ሳይክል፣ የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ፣ ቮልስ፣ በቤንዚን የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ወይም ጀነሬተር ያላችሁ ሁሉ ይመለከታችኋል። ካርቡሬተር ካለው ሌባ አየርም ሊኖረው ይችላል።

■ ካርቡሬተር ሥራው ምንድን ነው?

ሥራው አንድ ነው፦ ቤንዚንና አየርን በልክ መቀላቀል። ቤንዚን ብቻውን በደንብ አይነድም፣ አየር ይፈልጋል። ልኩ በክብደት 1 እጅ ቤንዚን ለ14.7 እጅ አየር ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር 1 ሊትር ቤንዚን ተስተካክሎ እንዲነድ 11 ኪሎ ገደማ አየር ይጠይቃል። በጎንደር ከፍታ ይህ አየር ወደ 11 ሺህ ሊትር ይጠጋል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ብታስቡት ከ50 በርሜል በላይ አየር ለአንዲት ሊትር ቤንዚን ማለት ነው።

ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ልክ እንደ ሲሪንጅ ይስባል። አየሩ በፊልትሮው በኩል ገብቶ በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። በዚያ የግፊት ልዩነት የተነሳ ቤንዚኑ ከሳህኑ ውስጥ በቀጭን ቀዳዳ (ጄት) ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚለካው በጉሮሮው ባለፈው አየር ልክ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አየር በጉሮሮው ሳያልፍ ከካርቡሬተሩ በኋላ ባለ ቀዳዳ ከገባ፣ ካርቡሬተሩ አያውቀውም። ስለማያውቀው ቤንዚን አይጨምርለትም። ሞተሩ ውስጥ አየር በዛ፣ ቤንዚን አነሰ። መካኒኮች «ነዳጅ አንሶታል» የሚሉት ይሄ ነው።

■ ታዲያ ለምን ሲቆም ብቻ ይጠፋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምርመራውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነዳጅ ስትለቁ የካርቡሬተሩ በር (ቢራቢሮው) ሊዘጋ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሞተሩ ግን መሳቡን አያቆምም። ስለዚህ ከበሩ በስተጀርባ ያለው የመሳብ ኃይል (ቫኪዩም) በጣም ይበረታል። በዚያ ሰዓት ትንሽ ስንጥቅ ብትኖር አየሩ በኃይል ይገባባታል። በበሩ በኩል የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ የሌባው ድርሻ ትልቅ ይሆናል።

ነዳጅ ስትሰጡ ደግሞ በሩ ይከፈታል፣ የመሳቡ ኃይል ይቀንሳል፣ በትክክለኛው መንገድ ብዙ አየርና ቤንዚን ይገባል። ስንጥቋ ያው ናት፣ ድርሻዋ ግን ኢምንት ይሆናል። ለዚህ ነው ሽቅብ ሲጎትት ደህና ሆኖ ቆሞ የሚጠፋው።

ይህችን ሕግ ያዟት፦

ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ቆሞ ሲዞር) ከታመመና ነዳጅ ሲሰጥ ከተሻለው፣ ሌባ አየርን ወይም የተዘጋ የሚኒሞ ጄትን ጠርጥሩ።

በሚኒሞ ደህና ሆኖ ነዳጅ ሲሰጥ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ከታመመ ግን ነዳጁ በበቂ አለመድረሱን ጠርጥሩ። የነዳጅ ፊልትሮ፣ የታጠፈ የነዳጅ ቱቦ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተዘጋ ዋና ጄት ሊሆን ይችላል።

■ ምልክቶቹ

ከነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስቱ አብረው ከታዩ ጥርጣሬያችሁ ተገቢ ነው።

1. ሚኒሞው አይረጋም። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወይም የሚኒሞ ቪቴው ሙሉ በሙሉ ተፈትቶም ሞተሩ በከፍተኛ ድምፅ ይዞራል። (ሁለተኛውን ካያችሁ የነዳጅ ገመዱ ተወጥሮ አለመያዙን መጀመሪያ አረጋግጡ።)

2. ሞተሩ ሞቆም ያለ ቾክ አይሠራም። ጠዋት ደባርቅ ላይ ቾክ መጠቀም ያለ ነው፣ ብርዱ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቾክ ከጠየቀ ግን በሽታ ነው።

3. ነዳጅ ድንገት ስትሰጡ አንድ ጊዜ ይዋጣል፣ ከዚያ ይነሳል።

4. ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትለቁ ማርሚታው ቷ ቷ ይላል።

5. ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ ነጭ ነው። ጤነኛ ሞተር ካንዴላው ቡናማ ነገር ነው፤ ቤንዚን የበዛበት ጥላሸት ይለብሳል።

6. ሞተሩ ከወትሮው በላይ ይግላል።

ስድስተኛዋን አትናቋት። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ቫልቮቹና ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላሉ። የባጃጅ ሞተር ደግሞ ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። «ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይሠራል» ተብሎ ወር ሁለት ወር የተነዳ ሞተር ቫልቭ ሊያቃጥል፣ ፒስተን ሊያስነክስ ይችላል። በአንዲት ጓርኒሲዮን የሚያልቀው ነገር ሞተር ወደ ማውረድ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ሌላም አለ። ሌባው አየር በፊልትሮ አላለፈም። በበጋ የኮረኮንች መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው አቧራው ምን እንደሚመስል ያውቃል። ያ አቧራ በቀጥታ ሞተር ውስጥ ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

■ ቀዳዳው የት የት ይገኛል?

👉 ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ። በባጃጅና በሞተር ሳይክል አንደኛው ተጠርጣሪ ይሄ ነው። ላስቲክ ከሆነ በሙቀትና በንዝረት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በታች በኩል ስለሚሆን ከላይ ስታዩት ደህና ይመስላል።

👉 ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ጓርኒሲዮን፣ እንዲሁም የአየር ማስገቢያው (ማኒፎልዱ) ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን።

👉 የካርቡሬተሩ ከንፈር ራሱ። ቡሎኑን ከልክ በላይ ያጠበቀ ሰው ከንፈሩን ያጣምመዋል። ከዚያ ስንት ጓርኒሲዮን ቢቀየር አይገጥምም።

👉 ቀጫጭን የቫኪዩም ቱቦዎች። በመኪና ላይ ወደ ዲስትሪቢዩተር፣ ወደ ሞተሩ መተንፈሻና ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄዱት።

👉 የቢራቢሮው ዘንግ። ብዙ ዓመት የሠራ ካርቡሬተር ዘንጉ በልቶ ይላወሳል፣ በዙሪያው አየር ይገባል።

የዲኤክስ ኮሮላና የመሳሰሉት ባለቤቶች እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ከተሰነጠቀ ችግሩ የሚኒሞ ብቻ አይደለም። ማገዣው የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ኃይል ነው። ያ ኃይል ከሌለ የፍሬን ፔዳሉ ይጠነክራል፣ መኪናውን ለማቆም እግራችሁ እጅግ ብዙ ጉልበት ይጠየቃል። ከደባርቅ ወርዳችሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ስትይዙ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሚኒሞው የተረበሸና ፍሬኑ የጠነከረ መኪና ይዛችሁ ቁልቁለት አትግቡ።

■ መጀመሪያ ማድረግ የሌለባችሁ

በየመንገዱ የምናየው አንድ ልማድ አለ። ሞተሩን አስነስቶ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ ወይም በሲሪንጅ ይዞ፣ ካርቡሬተሩ ዙሪያ ጠብ ጠብ ማድረግ። «ድምፁ ከተቀየረ እዚያ ጋ ነው» ይባላል። ሀሳቡ ትክክል ነው፣ ዘዴው ግን ገዳይ ነው። ከካርቡሬተሩ አጠገብ የጋለ ማርሚታ አለ፣ የካንዴላ ገመድ ብልጭታ አለ። የቤንዚን ትነት እሳት ለመያዝ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። በእጃችሁ የያዛችሁት ዕቃም ቤንዚን ነው። በጣሳ የሚሸጠው የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይም ተቀጣጣይ ስለሆነ እንደዚሁ ነው። ያልተለኮሰ የማብሰያ ጋዝ ማስጠጋትም እንዳትሞክሩ።

ሁለተኛ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ አትፈትሹ። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል።

ሦስተኛ፣ ሻሽ፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ የጃኬት ገመድ ከሚሽከረከር ነገር አርቁ።

■ በውሃ መፈተሽ፦ ደህናውና ርካሹ መንገድ

የሚያስፈልጋችሁ የፀጉር ቤት ዓይነት ውሃ መርጫ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን ቱቦ፣ ፒንሳ፣ ጨርቅና ስልካችሁ ነው።

ደረጃ 1፦ በዓይን። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ማያያዣውንና ቱቦዎቹን ተመልከቱ። ዓይናችሁ በማይደርስበት በታች በኩል ስልኩን አስገብታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ላስቲኩን በጣታችሁ ጎንበስ ቀና አድርጉት፤ የተደበቀ ስንጥቅ ሲታጠፍ ይከፈታል። ማንኛውንም ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ስትመልሱት «ይቺ የት ነበረች?» እንዳትሉ።

ደረጃ 2፦ በቾክ። ሞተሩን አስነስታችሁ አሙቁት። ማርሹ ፍሪ፣ የእጅ ፍሬን የተያዘ ይሁን። በሚኒሞ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ቾኩን ቀስ አድርጋችሁ በትንሹ ሳቡ። ከተሻለው ቤንዚን አንሶት ነበር ማለት ነው። ከባሰበት ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ሌባ አየር ፍለጋውን ትታችሁ ፊልትሮውንና የካርቡሬተሩን ተንሳፋፊ እዩ።

ልብ በሉ፦ በቾክ መሻሉ ብቻውን ሌባ አየር መኖሩን አያረጋግጥም። የሚኒሞ ጄት ሲዘጋም ያው ነው የሚያደርገው። ሁለቱን የሚለየው ቀጣዩ ነው።

ደረጃ 3፦ በውሃ። ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ ውሃውን በጥቂቱ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ርጩ። መጀመሪያ የማያያዣውን ሥር፣ ከዚያ ላዩን፣ ከዚያ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን፣ ከዚያ የቢራቢሮውን ዘንግ ሁለት ጫፎች። በየመሃሉ አምስት ስድስት ሰከንድ ጠብቁና አዳምጡ። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ስለሚዘጋውና ስለሚሳብ፣ ቀዳዳው ጋ ስትደርሱ የሞተሩ ድምፅ ይቀየራል። ወይ ይረጋል፣ ወይ ይንገዳገዳል፣ ወይ የፉጨት ድምፅ የነበረው ወደ መምጠጥ ይለወጣል። ለማረጋገጥ እዚያው ቦታ ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። ሦስቱንም ጊዜ ከተቀየረ ሌባው ተያዘ።

የካንዴላ ገመድ፣ ኮይልና ዲስትሪቢዩተር ላይ ውሃ አታድርሱ። እነሱ ከረጠቡ ሞተሩ በሌላ ምክንያት ይንቀጠቀጥና ያሳስታችኋል። የፊልትሮውንም አፍ አትርጩ።

ደረጃ 4፦ በጆሮ። የቱቦውን አንድ ጫፍ ጆሯችሁ ጋ አድርጉና ሌላውን ጫፍ በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ አዙሩ። ሳይነካ፣ አጠገቡ ብቻ። የሚያፏጨው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል።

ደረጃ 5፦ ቱቦ በመቆንጠጥ። መኪና ላይ እያንዳንዱን የቫኪዩም ቱቦ በየተራ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ቆንጥጡ። አንዱን ስትቆነጥጡ ሚኒሞው በጉልህ ከረጋ፣ ጥፋቱ ያ ቱቦ ወይም ቱቦው የሚሄድበት ዕቃ ነው። የፍሬን ማገዣውን ቱቦ ስትቆነጥጡ ከረጋ ያለ ምንም ማመንታት ወደ ጋራዥ። የፍሬን ሥራ ለልምምድ አይሆንም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ምንም ለውጥ ካልሰማችሁስ? ያኔ የሚኒሞ ጄቱን ማጽዳት፣ ካንዴላውን ማየት፣ የቫልቭ ልኩን ማስለካት ይቀድማል። ቤንዚኑ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ከሆነም ጥቂቱን ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ውሃው ከባድ ስለሆነ ከሥር ተለይቶ ይታያል።

■ የደጋው ሚስጥር፦ ከፍታ ሌባውን ይደብቀዋል

ይህ ለኛ አገር ሰው በተለየ የሚጠቅም ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ጎንደር ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አራት አምስተኛው እንኳ አይሞላም። ደባርቅ ላይ ሞተር ከኃይሉ አንድ አራተኛ ገደማ ያጣል። መኪናችሁ በኮሶዬና በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ሲወጣ የሚደክመው ሁልጊዜ ታሞ አይደለም፣ አየሩ ነው።

ካርቡሬተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት ሙሉ በሙሉ አይረዳም። የአየሩ ክብደት ሲቀንስ የሚስበው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ ከፍታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ጎንደር ላይ 10 በመቶ ገደማ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። ደጋው ቤንዚን ያበዛል፣ ሌባው አየር ቤንዚን ያሳንሳል። ትንሽ ስንጥቅ ከሆነች ይቻቻላሉ! ጎንደር ወይም ዳባት ላይ ሞተሩ ደህና ይመስላል። ያው መኪና ወደ መተማ ሲወርድ ግን፣ እዚያ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆነ፣ ደጋው የሰጠው ትርፍ ቤንዚን ይጠፋል፣ የመሳቡ ኃይልም ይጨምራል፣ ሌባው ብቻውን ይቀራል። በዚያ ሙቀት ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ማለት ነው። «ጎንደር ላይ ምንም አልነበረውም እኮ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ስህተት ደባርቅ ላይ ሞተሩ እንዳይታፈን ቤንዚኑን አሳንሶ አስተካክሎ፣ ሳይመልሱት በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ቆላ መውረድ ነው። ውጤቱ ያው ነው፣ ይግላል። ከፍታ በብዙ ስትቀይሩ ማስተካከያውንም ቀይሩ።

ለመካኒኮችም አንድ ነገር። በቫኪዩም ጌጅ የምትለኩ ከሆነ፣ መጽሐፎቹ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል የሚሉት ለባሕር ወለል ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ቀንሱ። ጎንደር ላይ ከ10 እስከ 14 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ የሄደ ሰው የሌለ ሌባ ሲያሳድድ ይውላል፣ የደንበኛውንም ገንዘብ ያስወጣል።

■ መጠገን

የተሰነጠቀ ላስቲክ፦ ይቀየር። በፕላስተር፣ በሙጫ ወይም ከጎማ ውስጥ በተቆረጠ ላስቲክ መጠቅለል ቤት ለመድረስ ያህል ነው እንጂ ጥገና አይባልም። የገዛችሁትን አዲስ ላስቲክ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ የውስጥ ስፋቱን አመሳክሩ። ማጥበቂያ ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል መያዙንም እዩ።

ጓርኒሲዮን፦ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ፋቁ፣ ግን ብረቱን ሳትቧጥጡ። ስትፍቁ ፍርፋሪው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ቀዳዳውን በንጹህ ጨርቅ ድፈኑት፣ ስትጨርሱ ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሱ። የሚገጥም ከጠፋ ከትክክለኛው የጓርኒሲዮን ወረቀት በልኩ መቁረጥ ይቻላል። የሲጋራ ካርቶንና የደብተር ልባስ ግን ቤንዚን ይጠጣሉ፣ ይበሰብሳሉ።

ሲልከን፦ «ትንሽ ሲልከን ልቀባው» የሚል ብዙ ነው። ተራው ሲልከን ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይላጣል። የተላጠው ቁራጭ ጄት ውስጥ ገብቶ አዲስ በሽታ ይሆናል። ካርቡሬተር ላይ አትጠቀሙ።

የተጣመመ ከንፈር፦ ጓርኒሲዮኑን አውልቃችሁ ከንፈሩን ወፍራም መስታወት ላይ አስቀምጡት። ከላወሰ ጠማማ ነው። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግቶ ቀስ ብሎ እያሹ ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ በደንብ ታጥቦ በአየር ይነፋ።

ቡሎኖቹን ስታስሩ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። አንዱን ትንሽ፣ ተቃራኒውን ትንሽ፣ እየተፈራረቃችሁ። በቁልፉ ላይ መቆም አያስፈልግም፤ የካርቡሬተር ብረት ለስላሳ ነው።

የበላ የቢራቢሮ ዘንግ፦ ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ቡሽ ይገባለታል። ካርቡሬተር ራሱን መቀየር ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ያለው ሲመጣና ቶርኖው ካላዋጣ ነው።

■ ከጠገናችሁ በኋላ ማስተካከል

ቀዳዳው ተዘግቶ ማስተካከያው ከቀድሞው ከቆየ ሞተሩ አሁንም አይመችም። ምክንያቱም ሌባው ሳለ ሰው ቪቴውን ሲያዞር ነው የከረመው።

ሞተሩን አሙቁ። ፊልትሮው ይገጠም፣ ቾኩ ይመለስ። በሚኒሞ ቪቴው ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲዞር አድርጉ። የድብልቅ ቪቴውን ከመንካታችሁ በፊት እስኪዘጋ ድረስ ስንት ዙር እንደሆነ ቆጥራችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉና ወደ ቦታው መልሱት። ቪቴው ሲዘጋ በኃይል አትጫኑት፣ ጫፉ ይሰበራል። ከዚያ በካቻቪቴ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያላችሁ ሞተሩ ከሁሉም በላይ ፈጥኖና ረግቶ የሚዞርበትን ቦታ ፈልጉ። በመጨረሻ ሚኒሞውን ወደ ልኩ አውርዱ።

አቅጣጫው ያምታታል፦ ቪቴው በፊልትሮው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየር ስለሆነ ስታጠብቁት ቤንዚን ይበዛል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ደግሞ ስታጠብቁት ቤንዚን ያንሳል።

ቪቴውን ብታዞሩት ብታዞሩት ሞተሩ ምንም የማይሰማው ከሆነ ወይ ሌባ አየር ቀርቷል፣ ወይ የሚኒሞ ጄቱ ተዘግቷል። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

■ ለምን አሁን?

ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ካቻቪቴ... እነዚህ ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ወጣ፣ የጋራዥ ቋንቋው ግን ከነመንገዱ ቀረ። ዕውቀቱም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት ሲሸጋገር ኖሯል።

ካርቡሬተር በዓለም ላይ እየቀረ ነው፣ አዳዲስ መኪኖች ነዳጅ የሚረጩት በኮምፒውተር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪኩ እስኪዳረስ ድረስ ግን እጃችን ላይ ያለው አሮጌው ሞተር ነው። ቤንዚን ለማግኘት ሰልፍ በሚያድርበት ጊዜ ደግሞ አንድ ሊትር የሚያባክን ሞተር የሚበላው የልጆችን ዳቦ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው «ካርቡሬተሩ አልቋል» ስትባሉ፣ መካኒኩን ሳታስቀይሙ እንዲህ በሉት፦ «ጋሼ፣ ከመቀየራችን በፊት አየር የሚስብበት ቦታ እንዳለ በውሃ እንየው።» ጥሩ መካኒክ ደስ ይለዋል። በውሃ ሙከራው ድምፁ ካልተቀየረ፣ ጄቱም ጸድቶ ካልተሻለው፣ ዘንጉም የሚላወስ ከሆነ፣ እሺ፣ ያኔ ካርቡሬተሩ ይቀየር።

ባጃጅ ለሚነዳ ወንድም፣ ጓደኛ ወይም አባት ላኩለት። ውሃ መርጫውም ከመቀመጫ ሥር ይቀመጥ።